ከቆመ አውቶቡስ ድምፅ ላጡት የጥገና ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የጥገና መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰዋስው አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ የሠላሳ አንድ ቁጥር አውቶቡስ ነጂ ታላቅ ወንድም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የደረሱዎት አሥራ አንድ ማመልከቻዎች አንድም ሳይቀሩ ስለ ጠፉ፣ ሕዝብ ያነበበው ነገር ግን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ወረቀት በቀላሉ አይጠፋም ብዬ ተስፋ በማድረግ ነው። ጉዳዩ ስለ አንድ የጎማ ድምፅ ነው። ድምፁ ዛሬ የለም። ጎማውም የለም። የወንድሜ ግራ ዓይንም የለም።

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ መንጋጋዎ እንደ ልብ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ጥርስዎ በየረድፉ የቆመ፣ የጎድን አጥንትዎ ያልጎደለ፣ ሁለቱም ዓይኖችዎ በየጉድጓዳቸው ያሉ ይሁኑልዎ። ይህን ምኞት ለወግ ያህል የጻፍሁት እንዳይመስልዎ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የእያንዳንዱን አጥንት ጥቅም ከጠፋ በኋላ ስለ ተማርሁት፣ ለእርስዎ ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት እንዲታወቅዎ ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት የፊታችን ሰኞ ወንድሜ ሰውን በግዴለሽነት ገድለሃል ተብሎ ከአልጋው ተነሥቶ ችሎት ይቀርባል። በክፍሉ በር ላይ አንድ ፖሊስ ተቀምጧል፤ መራመድ የማይችል ሰው እንዳያመልጥ ይጠብቃል። ከወኅኒ የሚያድነው አንድ ነገር ቢኖር በመምሪያዎ የተቀመጠው የብልሽት መዝገብ ነው። ነጂው የጎማውን ድምፅ ስንት ጊዜ እንዳስታወቀ፣ መምሪያውም ስንት ጊዜ ምን ብሎ እንደ መለሰ በዚያ ተጽፏል። መዝገቡ ከቀረበ ወንድሜ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ካልቀረበ የአንድ ሰው ደም በእርሱ ላይ ይጻፋል። የምለምንዎ ይህንኑ መዝገብ ነው። ልመናዬም የተሟላ ይሆን ዘንድ ለውለታዎ ያለኝን ምስጋና በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ድምፁን የሰማው አደጋው ከመድረሱ ከሁለት ወር በፊት ነው። በመጀመሪያ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ሲነዳ እንደ ንብ መንጋ እምም ይል ነበር፤ ፍጥነቱ ስድሳ ሲደርስ ወፍጮ ይሆናል። ወንድሜ የተማረው ከእኔ ያነሰ ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል፤ ስለዚህ ከማመልከቱ በፊት መረመረ። ፍሬን ሲይዝ ድምፁ አልተለወጠም፤ እንግዲያው የፍሬን ሸራው አላለቀም አለ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነፃ አድርጎ ሲለቀው ድምፁ ቀጠለ፤ እንግዲያው ከሞተሩ አይደለም አለ። ጎማዎቹን በእጁ ዳበሰ፤ ያበጠም የተበላም የለም። መሪውን ወደ ግራ ሲያጥፍ ድምፁ ይብሳል፤ ወደ ቀኝ ሲያጥፍ ግን ጸጥ ይላል። ይህን ሁሉ ማታ ማታ ነገረኝ፤ እኔም በንጹሕ እጅ ጽሕፈት፣ ነጠላ ሰረዙን ሳልረሳ፣ ማመልከቻ አድርጌ ጻፍሁለት። ጥርስዎን የታመሙ ለታ ለሐኪምዎ ይህን ያህል አብራርተው የሚነግሩ አይመስለኝም።

እርስዎም በቀይ ቀለም «ድምፁ ይረጋገጥ» ብለው መሩና የድምፅ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ጸሐፊው የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ሦስተኛው የጥበቃ ኃላፊ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱም ከጎማ ሥር ገብቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከአድልዎ ነፃ እንደሚሆን አልጠፋዎትም። ባወጡት መመሪያ መሠረትም ምርመራው የሚካሄደው ለአባላቱ ደኅንነት ሲባል ተሽከርካሪው በቆመበት፣ ለጥራቱ ሲባል ደግሞ ሞተሩ በጠፋበት ነበር። ሦስቱ ሹማምንት በአውቶቡሱ ዙሪያ ቆመው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ አዳመጡ። በስድስተኛው ደቂቃ ጸሐፊው ስለ ሳሉ ቆጠራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ወንድሜ ሞተሩን ላስነሣና አንድ ዙር ወስጄ ላሰማችሁ ብሎ ቢለምን፣ ሰብሳቢው በትዝብት ዓይን ከላይ እስከ ታች አይቶት «አንተ ሰውዬ፣ እየሄደማ የማንም መኪና ይጮኻል» አለው። ቃለ ጉባኤው፣ ቅጂውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ «ኮሚቴው በጥሞና አዳምጦ ከአንድ አባል ሳል በቀር ምንም ድምፅ አልሰማም» ይላል። ሦስት ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት።

ይህ ኮሚቴ በስድስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተሰብስቦ አራት ጊዜ ዝምታን አረጋግጧል። የቆመ አውቶቡስ ሰው እንደማይገድል በዚህ መንገድ ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ጆሮው ስለሚባለው ሽማግሌ መካኒክ አመሰግናለሁ።

ይህ ሰው በጋራዥዎ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ፣ አንድ የብረት ዘንግ በሞተሩ ላይ ተክሎ ጫፉን ከጆሮው በማስጠጋት የታመመውን ክፍል የሚለይ ስለሆነ ይህ ቅጽል ወጣለት። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ሰምቶ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ማንም ሳይፈቅድለት፣ ክሪኩን ከቀኝ ፊት ጎማ ሥር አስገብቶ አነሣው። ጎማውን አንድ እጁን ከላይ አንድ እጁን ከታች አድርጎ ያዘና ወዘወዘው፤ ተወዛወዘለት። ከዚያም በአንድ እጁ እያሽከረከረ ሌላውን እጁን ከጎማው በላይ ባለው የሞላ ብረት ላይ አሳረፈ፤ አሸዋ የበላ ወፍጮ ሲፈጭ የሚሰጠውን ያን ሻካራ ንዝረት በመዳፉ አገኘው። ወንድሜን ጠርቶም «ና፣ አንተም ያዘው። ይህ ጎማ የሚነቃነቅ ጥርስ ሆኗል፤ ምግብ ላይ ይወልቅ ሰላምታ ላይ ይወልቅ እንጃ እንጂ መውለቁ አይቀርም» አለው።

ላልለመደው አንባቢ ልግለጽ። ጎማ በዘንጉ ዙሪያ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ የሚባል፣ በውስጡ የብረት እንክብሎች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። ግራሶው ሲደርቅ እንክብሎቹ ይበላላሉ፣ ይግላሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ በመጨረሻም ጎማውን ይዘው ይወድቃሉ። መፍትሔው ቀለበቱን አውጥቶ አዲስ መክተት፣ ግራሶ መሙላት፣ የሚያጠብቀውን ዳዶ በልኩ ማሰር ነው። ጆሮው ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነበር።

እርስዎ ግን ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነዎትና፣ ያለ ፈቃድ ጎማ አንሥቷል በማለት ከጋራዥ ወደ ግቢው በር አዛወሩት። ሃያ ስድስት ዓመት የብረት ሕመም ሲያዳምጥ የኖረው ሰው አሁን አግድም የተጋደመ እንጨት ወደ ላይ ያነሣል፣ ወደ ታች ያወርዳል። ማንሣት ይወዳል ብለው ማንሣት ስለ ሰጡት፣ ከልብ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ ስለ ጥገናው አመሰግናለሁ።

ማመልከቻው ዘጠኝ ሲደርስ፣ ተሳፋሪዎችም ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ እርስዎ ራስዎ ጉዳዩን ያዙት። የወንድሜን ማመልከቻ አነበቡ፤ «ወደ ግራ ስትታጠፍ ይብሳል» የሚለውን አሰመሩበት፤ ከሥሩም «ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጮኽ ከሆነ የታመመው ግራው ነው፤ ግራው ይቀየር» ብለው ጻፉ። ይህን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አውቶቡስ ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በሙሉ ወደ ቀኝ ይጋደማልና፣ በዚያን ጊዜ የሚጮኸው ሸክሙ የወደቀበት የቀኙ ነው። በሁለት እጁ ባልዲ ተሸክሞ ጥግ የታጠፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ባልዲ ተሸክመው ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም።

እናም ጤነኛው የግራ ኩሽኔታ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወጣ፤ ተጣለ፤ በቦታው አዲስ ገባ፤ ሕመምተኛው የቀኙ ሳይነካ ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህ ነው። ጆሮው ከበሩ ሆኖ መዶሻው ሲጮኽ ሰምቶ ሮጦ በመምጣት «ጌቶች፣ የማያመውን ነው የምትነቅሉት» ቢላቸው፣ ቦታውን ጥሎ መጥቷል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። በማግስቱ አውቶቡሱ ወጣ፤ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ጮኸ። ወንድሜ አሥረኛውን አመለከተ። መልስዎ አጭር ነበር፤ «ጥገናው ተጠናቋል። ከእንግዲህ ድምፅ አለ ብሎ ማስታወቅ የሥራ ዲሲፕሊን ጥሰት ነው።» አሥራ አንደኛውን ሲያመለክት ደግሞ ለአውቶቡሱ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው ሬዲዮ ገጠሙለት። ስለ ዘፈኑ ተሳፋሪዎቹ ያመሰግኑዎታል፤ ማለቴ፣ አፋቸው ያልተሰበረው።

አራተኛ፦ ስለዚያ ማክሰኞ ጠዋት።

እዚህ ላይ የማመሰግንበትን ቃል ብፈልግ አጣሁ፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አርባ አራት ሰው ጭኖ፣ ከላይኛው ሰፈር ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት፣ ግራ መታጠፊያው ላይ፣ የቀኙ ኩሽኔታ ተሰባብሮ ጎማውን ያዘው፤ ዘንጉ ተቆረጠ፤ ጎማው ወጣ። አውቶቡሱ በቀኝ ትከሻው አስፋልቱ ላይ ወድቆ እሳት እየረጨ ሰባ ሜትር ተጎተተና የድንጋይ አጥር መታ። መስተዋቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። የቆሙት በተቀመጡት ላይ ተከመሩ። ወደ ሥራዋ ትሄድ የነበረች ነርስ ክንዷ ከሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ በተሰበረው ክንዷ ላይ ተቀምጣ፣ ባልተሰበረው እጇ የሌላ ሰው ደም ታቆም ነበር። አንድ አዛውንት ምላሳቸውን ነክሰው ቆርጠውት አፋቸውን በባርኔጣቸው ይዘው ወጡ።

ጎማው ግን አልወደቀም። ጎማው ብቻውን፣ ሰው እንደሌለው ከብት፣ መንገዱን አቋርጦ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ለብርሃን ብሎ የስፌት መኪናውን በሱቁ ደጃፍ አውጥቶ ኮት ይሰፋ ነበር። እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኑ መርፌው ላይ እንደ ነበረ ጎማው ደረቱን መታው፤ ከስፌት መኪናው ጋር አጣብቆ ከግድግዳው ጋር ለጠፈው። የስፌት መኪናው እጀታ በጎኑ ገባ። ሰዎች ጎማውን ሲያነሡለት ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ዳግመኛ አልተነፈሰም። ኮቱ በአንድ እጅጌው ቀርቷል። የእርስዎ ኮሚቴ ያላገኘውን ድምፅ ያን ዕለት ገበያው በሙሉ ሰምቶታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮሚቴዎ በዚያው ሳምንት ለአምስተኛ ጊዜ መሰብሰቡንም ሰምቻለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ፈጣን መድረስዎ።

አምቡላንሱ ሳይደርስ እርስዎ ደረሱ። በዚህ የሚቀድምዎ የለም። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ከመሪውና ከወንበሩ መካከል ተጣብቆ፣ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ነገር ግን ሁለቱም ዓይኖቹ በቦታቸው ሆነው፣ ተሳፋሪዎቹ ቀድመው ይውጡ እያለ ይጮኽ ነበር። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ማንን እንደሚጠይቅ ገና አላወቀም። አንድ ሰው ምን ሆኖ ነው ብሎ እርስዎን ጠየቀዎት። እርስዎም ክራቫትዎን አስተካክለው፣ በጣትዎ ወደ መስኮቱ እያመለከቱ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ጎማውማ ባለፈው ሳምንት ነው የተጠገነው። ነጂውን ጠይቁት፤ እሱ ነው ያበረረው» አሉ።

ይህን ብለው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሦስቱን እርምጃ የቆጠረችልኝ ክንዷ የተሰበረው ነርስ ናት።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በመስኮቱ፣ በመስተዋቱ ስብርባሪ ላይ፣ በጸጉሩና በሸሚዙ አንገትጌ ተጎትቶ ወጣ። የቀበቶ ዘለበት ጀርባውን ገሸለጠው። ጫማ ፊቱ ላይ ቆመ። አንድ ሰው መንጋጋውን በድንጋይ መታው፤ መንጋጋው ከጆሮው ሥር ተላቀቀ። «አመልክቻለሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አመልክቻለሁ» ይል ነበር አሉ፤ ነገር ግን መንጋጋው ከተሰበረ በኋላ ምን እንደሚል ማንም አልለየለትም። በመጨረሻ የሟቹ ልብስ ሰፊ ታናሽ ወንድም ከሱቁ ውስጥ በከሰል የጋለውን ካውያ ይዞ ወጣ። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ግራ ዓይኑ በዚያ ሄደ፤ ካውያው ያረፈበት ጉንጩም እስከ ዛሬ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ነው።

ያን ሰው አልከስሰውም። ወንድሙ በዓይኑ ፊት ከግድግዳ ጋር ተለጥፎበታል፤ የገደለው እሱ ነው ብሎም አንድ ክራቫት ያሰረ ሹም በጣቱ አሳይቶታል። ጣት ማንንም አይመታም፤ ደምም አይነካውም። በዚያን ዕለት ከነበሩት እጆች ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ የገባው የእርስዎ ብቻ ነው። መምህሬ፣ አፈር ይቅለላቸውና፣ ክፉን ሥራ ከሠራ ሰው ይልቅ ክፉውን ለሌላ እጅ የሚያቀብል ሰው ይበልጥ ያስፈራል ይሉን ነበር። በልጅነቴ አልገባኝም ነበር፤ ስላብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፦ ስለ መዝገቡ።

ከአደጋው በኋላ በሁለተኛው ቀን የብልሽት መዝገቡን ቅጂ ለመጠየቅ ወደ መምሪያዎ መጣሁ። የግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ያው የኮሚቴዎ ሰብሳቢ፣ መዝገቡ ለጥረዛ ሄዷል አለኝ። ጠራዡ የት ነው ብዬ ብጠይቀው እሱም ሄዷል አለኝ። መቼ ይመለሳል ብዬ ብጠይቀው ማንኛው ብሎ ጠየቀኝ። የማመልከቻዎቹ ረቂቅ በእጄ አለ፣ እነሱን ተቀበሉኝ ብልም፣ ረቂቅ የግል ወረቀት ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም፣ እንዲያውም ወንድም ለወንድሙ ቢጽፍ አይደንቅም አለኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በማግስቱ ስመለስ ባዶ እጄን አልነበርሁም። በግቢዎ ጥግ ከወደቀው ብረት መካከል የክሪክ ዘንግ አንሥቼ፣ ክንዴ የሚያህል፣ ወደ ቢሮዎ ደረጃ እየወጣሁ ነበር። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፤ በሕይወቴ ተማሪ እንኳ በአርጩሜ ገርፌ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ሁለቱን ጉልበቶችዎን ሰብሬ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ድምፅ ተሰማዎት ወይ ብዬ ልጠይቅዎ ቆርጬ ነበር። አንደኛው ጉልበት ሲሰበር የትኛው እንደሚጮኽም በሐሳቤ መርምሬ ጨርሻለሁ። የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም፤ የበር ጠባቂ አድርገው የሾሙት ጆሮው ብቻ እንጨቱን ጥሎ ተከትሎኝ ወጣና ዘንጉን ከእጄ በቀስታ ወሰደው። «መምህር፣ እሱን ቢሰብሩት ችሎት የምትቆሙት ሁለት ወንድማማች ተከሳሾች ናችሁ። መዝገቡን ማን ይጠይቃል?» አለኝ። ሁለት ጉልበትዎ ዛሬ ደረጃውን የሚወጡልዎት ወደ በሩ ባዛወሩት ሰው ምክንያት ነውና፣ እኔን ሳይሆን እሱን እንዲያመሰግኑ አደራ እላለሁ።

ጆሮው በችሎት ለመመስከር ፈቅዷል። የተሰባበረው ኩሽኔታም፣ ጥቁርና ሰማያዊ ሆኖ የነደደው፣ ከአደጋው ቦታ ተለቅሞ በፖሊስ እጅ ነው። ነርሷም በተሰቀለ ክንዷ ትመጣለች። ዐቃቤ ሕጉ ግን የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ነጂው ጉድለቱን ማስታወቁን የሚያሳይ ሕጋዊ መዝገብ የለም፤ መዝገብ ከሌለ ማስታወቅ የለም፤ ማስታወቅ ከሌለ ጥፋቱ የነጂው ነው። እንግዲህ አርባ ሁለት ገጽ ያለው፣ አረንጓዴ ልባስ የለበሰ አንድ ደብተር በአንድ ሰውና በአሥራ አምስት ዓመት እስራት መካከል ቆሟል፤ ደብተሩም በእርስዎ እጅ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህ ብቻ ነው። እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ መዝገቡን ከጥረዛ ያስመልሱልን። ተጠርዞ ባያልቅ ግድ የለንም፤ ቅጠሉ የተበተነ፣ ልባሱ የተገነጠለ፣ እንደ ወንድሜ ፊት የተሰፋ ቢሆንም እንቀበለዋለን። ማፈር የማይመችዎ ከሆነ በሌላ ሰው ይላኩት፤ ለሌላ ሰው ማቀበል አያቅትዎትም። ይህን ቢያደርጉ አንድ ንጹሕ ሰው ይድናል፤ እርስዎም ምናልባት ከሥልጣንዎ ይወርዱ ይሆናል እንጂ ማንም በካውያ አይመታዎትም። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጠው ይዩት፤ ሚዛን ማየት እንደ ድምፅ መስማት መንቀሳቀስን የሚጠይቅ አይደለምና በተቀመጡበት ሊፈጽሙት ይችላሉ።

ቀንዎ የበራ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ የሚሳፈሩበት መኪና ከአራት ጎማው ጋር ወጥቶ ከአራት ጎማው ጋር የሚመለስ፣ ልጆችዎም በየትኛውም አውቶቡስ ቢሳፈሩ ነጂያቸው የማይፈራና ኃላፊያቸው የሚሰማ ይሆንላቸው ዘንድ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ስለ ኮሚቴዎ፣ ስለ መመሪያዎ፣ ስለ ሬዲዮዎና ስለ ሦስቱ እርምጃዎ ዕድሜ ልኬን ባለ ዕዳዎ ሆኜ እኖራለሁ።

በአክብሮት፣
የሠላሳ አንድ ቁጥር ነጂ ታላቅ ወንድም፣ ጡረተኛው የሰዋስው መምህር

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ዘግቼው ነበር። ነገር ግን ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ምስክር ማግኘቴን ሳልገልጽ ብቀር፣ ሌላውን እውነት አምጣ እያልሁ የራሴን መደበቅ ይሆንብኛል። ምስክሩ እኔ ነኝ። በአደጋው ዋዜማ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከወንድሜ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጃለሁ። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው መታጠፊያ፣ ብረት ብረትን ሲያኝክ በሬዲዮው ላይ አልፎ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ወለሉም በጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በማግስቱ ማለዳ ወንድሜ የአውቶቡሱን ቁልፍ በእጁ ይዞ ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ አላወጣትም፤ ከፈለጉ ያባሩኝ» አለኝ። እኔም ሰው የተሰጠውን ሥራ ጥሎ አይቀመጥም፣ የጨዋ ልጅ ያመለክታል እንጂ አያምፅም፣ አሥራ ሁለተኛውን ማመልከቻ ዛሬውኑ አሳምሬ እጽፍልሃለሁ፣ አንተ ሂድና ንዳ አልሁት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቃሌን ጥሎ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልጣለውም። አሥራ ሁለተኛውን ማመልከቻ ግማሽ ድረስ ጽፌ፣ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሳስተካክል ነው አደጋውን የሰማሁት።

ይህንም በሰኞው ችሎት በመሐላ እናገራለሁ፤ ይጥቀምዎ።

ትናንት ደብዳቤውን ከላይ እስከ ፊርማው ድረስ ለወንድሜ አነበብሁለት፤ ከእኔ ጋር ይፈርም ብዬም ብዕሩን በእጁ አስያዝሁት። በቀረው ዓይኑ አየኝ፤ ብዕሩን መልሶ በመዳፌ ላይ አኖረው፤ በሽቦ በታሰረው መንጋጋው መካከልም ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሰውየው እንኳ አልሰማም። አንተ ግን ሰምተህ ነው ንዳ ያልከኝ።»